አንዱ ሞተር የጠፋ ዕለት አያቶቻችን ከወንበር ወረዱ

እልል በሉልኝ! እህቴ ሲጋሊት አለፈች። አለፈች ስላችሁ የትምህርት ቤት ፈተና እንዳይመስላችሁ፤ የአውሮፕላን አስተናጋጅ፣ እኛ እዚህ «ደየሌት» የምንላትን፣ ለመሆን የሚሰጠውን ኩርስ ነው ያለፈችው። ደብዳቤው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጣ። እማዬ ገና ከሥራ መግባቷ ነበር፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ፖስታውን እያገላበጠች «ይኼ ደግሞ የምኑ ነው? የውኃ ነው የመብራት?» ስትል ሲጋሊት ነጥቃ ቀደደችው። ከዚያ በኋላ ጩኸት ነው። በአሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ዩድ ቤት በሚባለው ሰፈራችን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ የተጀመረው እልልታ እስከ ምድር ቤት ወርዶ፣ ሩሲያዊቷ ጎረቤታችን ሰርግ መስሏት በሣጥን ቸኮሌት ይዛ መጣች። «ሙሽራው የታለ?» አለች። «ሙሽራ የለም፤ አውሮፕላን ነው ያለው» አሏት አያቴ። የሷ ዕብራይስጥና የሳቸው ዕብራይስጥ እኩል ስለሆነ ወዲያው ተግባብተው ተሳሳቁ።

እኔም ከሁሉም በላይ ጮኬያለሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሁሉ ደስታ መካከል አንድ ድንጋጤ አብሮኝ ነበር። ሲጋሊት ሦስት ወር ሙሉ ስታጠና ጥያቄ የምጠይቃት እኔ ነበርኩ። እሷ ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ትጋደማለች፣ እኔ ያንን ወፍራም መጽሐፍ ጭኔ ላይ አድርጌ እጠይቃታለሁ፣ ስትሳሳት በትራስ እመታታለሁ። አንድ ዓርብ ጠዋት «አንድ ሞተር በበረራ ላይ ሲበላሽ» የሚል ምዕራፍ ላይ ደረስን። የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤ ሳልጨርስ ዘልዬ ተነሣሁ። «ይኼንን እኮ አውቀዋለሁ! ውስጡ ነበርኩ!» አልኳት። እሷም ታሪኩን ታውቀዋለች። ቤታችን ውስጥ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚወራ፣ ሁሉም ሆዱን ይዞ የሚስቅበት ታሪክ ነው። እኔም ስስቅበት ነው የኖርኩት። ያን ዕለት ጠዋት ግን መጽሐፉ የነገረኝ ሌላ ነገር ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ የአንድ ሞተር ታሪክ የመሰለኝ ነገር ጭራሽ የሞተር ታሪክ አልነበረም።

አሥራ ሰባት ዓመቷ ሆኖ ትዝታ የምትጽፍ ልጅ አይታችሁ ካላወቃችሁ ይኸው እዩ። አማርኛ ፊደል የቆጠርኩት ባለፈው ዓመት ነው፤ በማትናሱ፣ ያው በሰፈራችን የሕዝብ ማዕከል፣ ለታዳጊዎች በሚሰጠው ትምህርት። መምህሬ «የኔነሽ፣ አሁን እኮ የልብሽን መጻፍ ትችያለሽ» ስላሉኝ የልቤን እየጻፍኩ ነው። ደግሞስ ትዝታ የሽማግሌ ብቻ ነው ያለው ማነው? ያ ጊዜ እኮ አልፏል። ካርቲቭ የምንለው የበረዶ ከረሜላ በሁለት ሼቄል ይገዛ ነበር፤ ቀዩን የላሰች ልጅ ምላሷን ለሁሉም ታሳይ ነበር። ትልልቆቹ ሴቶች ልጆች ወገቡ ዝቅ ያለ ጂንስ ለብሰው፣ የሚያብረቀርቅ ቀበቶ አጥልቀው፣ ረቡዕ ረቡዕ ባሕሩ ዳር ገበያ ውስጥ ይንጎራደዱ ነበር፤ እማዬ ባየቻቸው ቁጥር «ምነው ሱሪው ቸግሮ ነው?» ትላለች። ሮቫ ቫቭ መታጠፊያው ላይ አንድ የኛ ሰው ሱቅ ነበረው፤ በርበሬም፣ ነጠላም፣ ካሴትም፣ ወደ ኢትዮጵያ የሚያስደውል ካርድም ይሸጣል። ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ የጎንደር ዘፈን ሲለቅ አውቶቡስ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ትከሻው ይነቃነቃል፤ ሾፌሩ ሳይቀር። አሁን እዚያ ቦታ የስልክ ሽፋን ይሸጣል። ሳልፍ ግን አፍንጫዬ እስከ ዛሬ በርበሬና ፕላስቲክ ይሸተዋል።

እንግዲህ ያኔ ነው፣ እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ፣ የሮቫ ቫቭ የአረጋውያን ሞዓዶን፣ ማለትም አያቶቻችን ቀን ቀን የሚሰበሰቡበት ክበብ፣ ወደ ኢትዮጵያ ጉዞ ያዘጋጀው። ሥልሳ ሰው ይሆናሉ። አብዛኞቹ የወላጆቻቸውን መቃብር ለማየት ነው የሚሄዱት። አያቴ አባ ወርቁም እንደዚያው። እማዬ ከሥራ ፈቃድ ስላላገኘች፣ ሲጋሊትም ትምህርት ስለነበረባት፣ «ጽሑፍ የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ» ተብዬ እኔ ተላክሁ። በደስታ ሦስት ቀን እህል አልበላሁም። አያቴ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰው፣ ኪፓ ቆባቸውን ደፍተው፣ ጫማቸውን እንደ መስተዋት አሳምረው ወጡ። ሻንጣቸው ውስጥ የነበረውን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ አሥራ ሁለት የንባብ መነጽር፣ አንድ ደርዘን የሕፃን ጫማ፣ ሁለት ጃንጥላ። «መነጽሩ ለማነው አባባ?» ስላቸው «ዓይን ላለው ሁሉ» አሉኝ።

አውሮፕላኑ ውስጥ ስንገባ ጠዋት ነበር። እኛ ከኋላ ነን፣ ከፊት ሌሎች መንገደኞች አሉ። የጉዞው መሪያችን ሆቴል ለማዘጋጀት በዋዜማው ቀድሞ ሄዷል። ልብ በሉ፣ ከነዚያ ሥልሳ ሰዎች ብዙዎቹ በዕድሜያቸው አውሮፕላን የተሳፈሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደዚህ በሺዎች ሆነው ባንዴ ተጭነው የመጡ ጊዜ። አሁን ወንበሩን እየዳሰሱ ይተቻሉ።

«ይኼማ አውቶቡስ ነው» አሉ አያቴ ጉልበታቸው ከፊት ወንበር እየተጋጨ። «ያኛው ሰፊ ነበር።»

«ሰፊ! ሰፊ!» አሉ ከኋላችን አደይ ለተብርሃን። እሳቸው የትግርኛ አገር ሰው ናቸው፤ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። «እግሬን ዘርግቼ፣ ልጆቼን በግራ በቀኝ አስተኝቼ ነው የመጣሁት። አሁን ደግሞ ይኸው በገመድ ያስሩኛል!» ገመድ ያሉት የወንበሩን ቀበቶ ነው። አንዲት ወጣት አስተናጋጅ መጥታ አሰረችላቸው፤ ስትሄድ ፈቱት፤ ተመልሳ አሰረችላቸው። እኔ ከሳቅ ብዛት ጭማቂዬን ልብሴ ላይ ደፋሁ።

ከተነሣን አንድ ሰዓት አልሞላም። በመስኮቱ በአንድ በኩል ቡናማ ተራራ፣ በሌላው በኩል ሰማያዊ ባሕር ይታያል። ምግብ ሊያድሉን ጋሪውን ሲገፉ ነበር። ድንገት በግራ በኩል «ዷ!» አለ። እንዴት ልንገራችሁ፣ ትልቅ የብረት በር በአንድ ጊዜ ሲዘጋ ያለውን ድምፅ አስቡት። ከዚያ አውሮፕላኑ በሙሉ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ጫማ ሲገባ እንደሚንቀጠቀጠው፣ ተንቀጠቀጠ። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። አንድ ሁለት ጊዜ ወደ ጎን ገፋን። ከዚያ መንቀጥቀጡ ቆመ፣ የግራው ድምፅም ጠፋ። ጆሮዬ አንዱ የተደፈነ መሰለኝ።

ከሁሉም የሚያስደነግጠው ዝምታው ነበር። ማንም ምንም አይነግረንም! እኔ በዚያ ጊዜ አብራሪዎቹ የሞቱ መስሎኝ ነበር። ወይም ደግሞ ሊነግሩን የፈሩ። አሁን ሲጋሊት ስታስረዳኝ፣ ያ ዝምታ የሥራቸው ሥርዓት ነው። መጀመሪያ አውሮፕላኑን ማብረር፣ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄዱ መወሰን፣ መናገር በመጨረሻ። ከሁለቱ አንዱ ያበርራል፤ ሌላ ሥራ አይነካም። ሌላኛው ደግሞ የተጻፈውን ዝርዝር አውጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ በአንድ ያነባል፤ በቃሉ ቢያውቀው እንኳ ያነባል። አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ሳነበው የገረመኝ። ሞተሩን የሚያጠፋው ሰው እጁን መቆጣጠሪያው ላይ ያደርግና ሳይነካው «የግራው» ይላል። ጓደኛው አይቶ «አዎ፣ የግራው» ካላለ አያጠፋውም። ምክንያቱም ሰው ሲደነግጥ የተበላሸውን ትቶ ደህናውን ሊያጠፋ ይችላል። አስቡት እስቲ! እኛ እዚህ ኋላ «ምነው ዝም አሉ» እያልን ስንንቀጠቀጥ፣ እነሱ እዚያ ግራና ቀኛቸውን እየተጠያየቁ ነበር።

በመጨረሻ ድምፁ መጣ። በዕብራይስጥ ቀጥሎም በእንግሊዝኛ፣ ረጋ ያለ የወንድ ድምፅ ነው። ከሁለቱ ሞተር አንዱን ለጥንቃቄ አጥፍተናል፣ አውሮፕላኑ ባንዱ በደንብ ይበርራል፣ ወደ ተነሣንበት እንመለሳለን፣ ሁሉም ሰው ቀበቶውን አስሮ ይቀመጥ አለ። እኔ ሰማሁት። አያቶቼ ግን ከዚያ ሁሉ ንግግር የለዩት አንድ ቃል ነው፤ ሞተር። እርስ በርስ ተያዩ። ቀጥሎ ከራሳችን በላይ ያለው የቀበቶ ምልክት «ዲንግ» ብሎ በራ።

ያኔ ነው የሆነው። ከየወንበሩ «ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቀበቶ ሲታሰር መስሎኝ ዞርኩ። እየፈቱት ነው! ሥልሳው ሰው፣ ማንም ሳያዛቸው፣ ከወንበር ወረዱ። ገሚሱ በወንበሮቹ መሐል፣ ገሚሱ መተላለፊያው ላይ፣ ወለሉ ላይ ቁጭ ቁጭ አሉ። ጉልበታቸውን አቀፉ። ሴቶቹ ነጠላቸውን በራሳቸው ላይ ሳቡት። የፊተኛው ጀርባውን በኋለኛው ላይ ደገፍ አድርጎ፣ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መጸለይ ጀመሩ። አንድም ሰው አልጮኸም። አንድም ሰው አልተጋፋም። እንዲህ የተቀናጀ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ትናንት ሲለማመዱት የዋሉ ነው የሚመስሉት። አያቴም ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው መተላለፊያው ላይ ተቀመጡና እጄን ሳቡኝ፤ «ነይ፣ ውረጂ፣ እዚህ እጉያዬ ግቢ።»

እኔ ልወርድ ነበር። እውነት እላችኋለሁ፣ አንድ እግሬ ወርዷል። ልክ በዚያ ጊዜ ከፊት አንዲት ረጅም ሴት ከአብራሪዎቹ ክፍል ወጣች። የአስተናጋጆቹ አለቃ ናት፤ ሩቲ ትባላለች፣ ደረቷ ላይ ተጽፏል። ከአብራሪው ጋር ምን ስትባባል እንደቆየች አሁን አውቄዋለሁ። ምን ተበላሸ፣ ስንት ደቂቃ አለን፣ ሰዉ ምን ያድርግ፣ ምልክቱ ምንድን ነው ብላ ትጠይቃለች፤ የሰማችውን መልሳ ለሱ ትናገራለች፤ ከዚያ ሰዓቷን አይታ ትወጣለች። ሰዓቷን እያየች ነው የወጣችው። ቀና ስትል ግን ከኋላ ያለው ወንበር ሁሉ ባዶ ሆኖ አየች። ፊቷ ነጭ ሆነ። ሰዉ የት ገባ ብላ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት እርምጃ ተራምዳ ወደ ታች ተመለከተች።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለች ለራሷ። ቀጥሎ ጮክ ብላ፣ በዕብራይስጥ፣ «ወንበር ላይ! ሁላችሁም ወንበር ላይ!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አንድ ወንድ አስተናጋጅ የአደይ ለተብርሃንን ክንድ ይዞ ሊያነሳቸው ሞከረ፤ አደይ በነጠላቸው ጫፍ እጁን መቱት። «ኣነስ ኣይትንስእን እየ!» አሉ፤ አልነሳም ማለታቸው ነው፤ ልጁ ቃሉን ባያውቀውም ገባው። ዕብራይስጥ በደንብ ከሚችሉት ከኛ ሰዎች አንደኛዋ እያለቀሰች ነው፣ ሌሎቹም እዚያው ወለሉ ላይ ናቸው። ሩቲ እኔን አየችኝ፣ አንድ እግሬ ወንበር ላይ አንድ እግሬ መሬት።

«አማርኛ ትችያለሽ? ለምንድን ነው መሬት ላይ የተቀመጡት?»

«እንዲህ ነው የመጡት» አልኳት።

«ከየት?»

«ከኢትዮጵያ። ያኔ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲመጡ። ወንበር አልነበረውም።»

ከዚያ የግድግዳውን ስልክ አንሥታ ለአብራሪው ስትናገር ሰማሁ፤ «ኋላ ሥልሳ ሰው ወለል ላይ ነው። አይደለም፣ አልወደቁም። ተቀምጠው ነው። አዎ፣ ሆን ብለው።» አዳመጠችና ስልኩን ሰቀለች። አውሮፕላኑ ከብዶ እንዳያርፍ ነዳጁን እያቃጠለ ባሕሩ ላይ ይዞራል፤ አብራሪው ለኛ ብሎ አንድ ዙር ጨመረ። ከአንድ በላይ ግን አይጨምርም። «ከዚህ ዙር በኋላ እናርፋለን» አለችኝና ማይክሮፎኑን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «ቀበቶ ያላሰረ ሰው አውሮፕላኑ ሲያርፍና ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ይወረወራል። ሽማግሌ ደግሞ አጥንቱ... ንገሪያቸው።»

ማይክሮፎኑ ከብዶኝ በሁለት እጄ ያዝኩት። ድምፄ እንደ ድመት ግልገል ነው የወጣው። «እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንበር ላይ ተቀመጡ ተብሏል። ቀበቶ እሰሩ ተብሏል።»

«የማን ልጅ ናት?» አለ አንድ ድምፅ ከነጠላ ሥር።

«የአባ ወርቁ የልጅ ልጅ።»

«አባ ወርቁስ ምን አሉ?»

ሁሉም ዓይን ወደ አያቴ ዞረ። ልትረዱት የሚገባ ነገር ይኼ ነው፤ ያኔ አዲስ አበባ ለመሳፈር ተራ ሲጠብቁ፣ እነዚያን ቤተሰቦች ስም እየጠሩ የሚሰበስቧቸው፣ «ተነሡ» ሲሉ የሚነሡላቸው፣ «ቁጭ በሉ» ሲሉ የሚቀመጡላቸው አያቴ ነበሩ። እሳቸው ካልተነሡ አንድም ሰው አይነሳም። እሳቸው ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

አጠገባቸው ተንበረከክሁ። በመስኮቱ ባሕሩ ዘንበል ብሎ ታየኝ፣ ቀጥሎ የወደባችን ክሬኖች፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫው ጭስ ማውጫ። አሽዶድ! ቤታችን እዚያ ታች ነው፤ እማዬ እዚያ ታች ሥራ ላይ ናት፤ እኛ እዚህ በአንድ ሞተር እንዞራለን።

«አባባ፣ እባክዎ ይነሡ። ሲያርፍ ትወረወራላችሁ እያለች ነው።»

«ያኔ ተወረወርን?» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «እህትሽ የሦስት ዓመት ልጅ ሆና ጭኔ ላይ ተኝታ ነው የመጣችው። አልነቃችም እንኳ። ወለል ነው ያደረሰን፣ ልጄ። ወንበር ለሽርሽር ነው። ክፉ ቀን ሲመጣ ሰው ወርዶ ይያያዛል።»

ለሩቲ ተረጎምኩላት። እሷም መተላለፊያው ላይ፣ በዚያ በተተኮሰ ቀሚሷ፣ ተንበረከከች። «ወንበር እኮ ነበረው» አለች። «ያኔ ወንበሮቹን ፈትተው ነው ያወጧቸው። ንገሪያቸው።»

ነገርኳቸው። አያቴ ዓይናቸውን ገለጡ። «ምን አልሽ?»

«ወንበሩን ፈትተው አወጡት አለች አባባ። አውሮፕላን ሁሉ ወንበር አለው።»

ፊታቸውን ብታዩት! ከሞተሩ ጩኸት በላይ ያስደነገጣቸው ይኼ ነው። ያንን ሁሉ ዓመት አውሮፕላን እንደዚያ የተሠራ መስሏቸው፣ ባዶ ወለሉም የሆነ ሰው በጥበብ ያሰበው የደኅንነት ቦታ መስሏቸው ነው የኖሩት። ማንም አልነገራቸውም። እሳቸውም ማንንም አልጠየቁም። «ለምን አወጡት?» አሉ ቀስ ብለው።

ሩቲ እኔን ሳይሆን እሳቸውን እያየች መለሰች፤ እኔ ከሥር ከሥሯ ተረጎምኩ። «ሰው እንዳይቀር። ወንበሩ ቢኖር ከናንተ ብዙው ሜዳው ላይ ይቀር ነበር። አደጋ እንዳለው እያወቁ ነው ያደረጉት። ሌላ መንገድ አልነበረም።»

«አደጋ ነበረው?»

«በጣም።»

አያቴ መተላለፊያው ላይ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አዩ። ሩቲ ሰዓቷን አየች፤ አልተቆጣችም፣ አልጎተተቻቸውም፣ ጠበቀች። በመጨረሻ «ጠይቂልኝ፤ ዛሬ ወንበሩ ለሁሉም ይደርሳል?» አሉ።

«ይደርሳል። ይተርፋልም» አለች ሩቲ።

አያቴ በኔ ትከሻ ተደግፈው ተነሡ። መጀመሪያ ወደራሳቸው ወንበር አልሄዱም። ጎንበስ ብለው አደይ ለተብርሃንን በሁለት እጃቸው አነሷቸው፣ አስቀመጧቸው፣ ቀበቶውን ራሳቸው አሰሩላቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ያለ ማይክሮፎን፣ «ተነሡ!» አሉ። «ያኔ ወለል ላይ የተቀመጥነው ሰው እንዳይቀር ነው። ዛሬ የሚቀር የለም። ተነሡ፣ ወንበራችሁን ያዙ!»

ተነሡ። አንዱ ሌላውን እየደገፈ፣ ጉልበታቸው እየተንቋቋ፣ ልክ እንደወረዱት ሁሉ ያለ ግፊያ ተነሡ። አስተናጋጆቹ እየሮጡ አሰሩላቸው፣ እኔ «በደንብ ጠበቅ! እንደ መቀነት!» እያልኩ እጮሃለሁ። ሩቲ የመጨረሻውን ረድፍ አይታ ስልኩን አነሣችና አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፤ «ተዘጋጅተናል።» ከዚያ የራሷን ቀበቶ አሰረች። አውሮፕላኑ ወረደ፣ ነካ፣ ፍሬን ያዘ። እናንተዬ! መላ ሰውነቴ ወደ ፊት ሄዶ ቀበቶው ላይ ቀረ። መተላለፊያው ላይ የተረሳ አንድ ጫማ፣ የአደይ ጫማ ነው፣ ከኋላ ተነሥቶ እስከ ፊተኛው ግድግዳ ድረስ በረረ። ሁላችንም አየነው። ማንም አልሳቀም። ቀይ መኪናዎች በግራ በቀኝ አብረውን ሮጡ፤ ስንቆም እሳት አጥፊዎቹ ወርደው ጎማውን መረመሩ፣ ፍሬኑ ይግል ኖሯል። ከዚያ ነው እልልታው የፈነዳው፤ ከፊት ያሉት ፈረንጆች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

ወደ አሽዶድ በመለሰን አውቶቡስ ውስጥ አያቴ አጠገቤ ተቀመጡ። ሃኪርያ፣ ያው የከተማችን መሐል፣ ልንደርስ ስንል፣ በመስኮቱ ባንኮቹንና ሱቆቹን እያዩ፣ «የኔነሽ» አሉኝ። «ያኔ እኔ ሥር አንድ ወንበር ቢኖር ኖሮ የማን ልጅ ይቀር ነበር?» ስንወርድ ካርቲቭ ገዙልኝ፣ ቀዩን። ሳምንት ሳይሞላ ያው ሥልሳ ሰው ተመልሶ ተሳፈረ፤ ጎንደርም ደርሰን መቃብሩን አየን፣ መነጽሮቹም አለቁ። እሱ ሌላ ታሪክ ነው።

አሁን ያስደነገጠኝን ልንገራችሁ። ዓርብ ዕለት ምዕራፉን አንብቤ ስጨርስ ሲጋሊትን «እንግዲህ በአንድ ሞተር መትረፋችን ተአምር ነው አይደል?» አልኳት። ከሶፋው ቀና ብላ አየችኝ። «ምን ተአምር አለው? አውሮፕላን በአንድ ሞተር እንዲበርርና እንዲያርፍ ተደርጎ ነው የሚሠራው። አብራሪ ሁሉ በየጊዜው የሚለማመደው ነው። አውሮፕላኑ ምንም አልሆነም ነበር፣ የኔነሽ። አደጋ ላይ የነበራችሁት እናንተ ናችሁ። ወለሉ ነው።» መጽሐፉን ዘጋሁት። ያቺ በመተላለፊያው የበረረች ጫማ መጣችብኝ፤ በሷ ቦታ ሥልሳ ሽማግሌና አሮጊት። ስድስት ዓመት ስስቅበት የኖርኩት ነገር ይኼ ነው?

ሲጋሊት ራሷ በዚያ ወለል ላይ ተኝታ የመጣች ልጅ ናት። ማክሰኞ ዕለት ቸኮሌቱ ካለቀ በኋላ አያቴ አጠገባቸው አስቀምጠዋት «ስንት ሰው ነው እስከ ዛሬ ሳይነገረው የሚሳፈር?» አሏት። እሷም «ብዙ» አለች። ሁለቱ ተመካከሩና ይኼን ጻፊ ተብዬ ታዘዝኩ፤ እኔም በደስታ እጽፋለሁ።

የሚቀጥለው ሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሮቫ ቫቭ ባለው የአረጋውያን ሞዓዶን ሲጋሊት እውነተኛ የአውሮፕላን ቀበቶ ይዛ ትመጣለች። ዘንድሮ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ለመሄድ የፈራችሁ፣ እናትና አባታችሁን የምትልኩ፣ ሁላችሁም ኑ። እሰሩት፣ ፍቱት፣ እንደገና እሰሩት። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ፤ ድምፄም አሁን የድመት ግልገል አይደለም። አያቴ ደግሞ አንድ ነገር አደራ ብለውኛል፦ ከመጣችሁበት ቀን ጀምሮ በልባችሁ ይዛችሁት፣ «ምን ይሉኛል» ብላችሁ ለማንም ያልጠየቃችሁት ጥያቄ ካለ፣ ስለ አውሮፕላንም ይሁን ስለ ሌላ፣ እሱንም ይዛችሁ ኑ። ቀድመው የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው።